ከመጋዘናችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት
በመርካቶ እህል በረንዳ ለነጋዴዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ ዲስኩር



የደረሳችሁ ጥሪ «ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የጤና፣ የበጀትና የምዝገባ ሁኔታ» ይላል። የቢሮ ርእስ ነው፤ እንቅልፍ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሦስት ሪፖርት ይነበባል፦ ምን ያህል ልጅ ተመዘገበ፣ ምን ያህል ገንዘብ ገባና ወጣ፣ የልጆቹ ጤናና ምገባ እንዴት ነው። ወላጁ ያጨበጭባል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፣ ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። እኔ ዛሬ የማነሣው እነዚያን ሦስት ሪፖርቶች ነው። የማነሣቸው ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ ብዬ ነው፦ መርካቶ ለሩቁ ትምህርት ቤት ሲሠራ የኖረ፣ የቅርቡን ግን የማያውቅ ሰፈር ነው። ቅር የሚለው ካለ እስከ መጨረሻው ይስማኝና ይመልስልኝ።

ነጋዴና ትምህርት ቤት በዚህች አገር ከጥንት የተሳሰሩ ናቸው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት ነገሩ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ግድም፣ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጊዜ፣ በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ ለትምህርት ተብሎ 6 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ተጣለ። እንግዲህ የዚያን ዘመን ተማሪ ያስተማረው በአንድ በኩል የነጋዴው ቀረጥ ነው። ገበያው ያኔ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደዚህ ያመጡት ጣሊያኖች ናቸው። ከእነሱ መውጣት በኋላ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ታወጀ፤ ባላገሩም በተራው ከፈለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አባቶቻችሁ ያውቁታል። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ በመርካቶና በአዲስ አበባ የሚነግዱ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው ለአገራቸው መንገድ ለማሠራት ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ሀብታሙም ሊስትሮውም እንደ አቅሙ ሰጠ። መንገዱ ትምህርት ቤትን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው የመጣው የመርካቶ ሰው ሁሉ ይህን መንገድ ተከትሏል፤ ከጎጃም የመጣው ለጎጃም፣ ከሸዋ የመጣው ለሸዋ፣ ከስልጤ የመጣው ለስልጤ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ለተወለደበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ ወይም ወንበር ያላዋጣ ሰው ብፈልግ የማገኝ አይመስለኝም። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

ይሁንና ልጆቻችሁን የምታስተምሩት በግል ትምህርት ቤት ነው፤ ገንዘባችሁን የምትሰጡት ለትውልድ ቀያችሁ ነው። ከመጋዘናችሁ ጀርባ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው ደግሞ የተሸካሚያችሁ፣ የአበጣሪያችሁ፣ የጥበቃችሁ፣ ሻይ የምታፈላላችሁ እናት ልጅ ነው። ያ ትምህርት ቤት ባለቤት የሌለው መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሪፖርቶቹ ልግባ። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው።

እናንተ አይሱዙ ሲራገፍ ጆንያ ቆጥራችሁ ብቻ ሂሳብ አትዘጉም። ሚዛን ላይ ታወጣላችሁ፤ ጎኑን ወግታችሁ ናሙና ታያላችሁ፤ ሥሩ እርጥብ መሆን አለመሆኑን በእጃችሁ ትዳስሳላችሁ። የምዝገባ ሪፖርት የጆንያ ቆጠራ ነው። መስከረም ላይ ስሙ የተጻፈው ልጅ ሚያዝያ ላይ ወንበሩ ላይ አለ ወይ? ከክፍል ወደ ክፍል ያለፈው ማንበብ ችሎ ነው ወይ? ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ጥቂት ነው።

በዚህ ረገድ አገሪቱ ውጤቷን በግልጽ አይታዋለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። እያሻቀበ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። እነዚህ ልጆች ለአሥራ ሁለት ዓመት በየሪፖርቱ ላይ «ተመዝግበዋል» ሲባሉ የኖሩ ናቸው።

ስሙ መዝገብ ውስጥ ያልገባውስ? ይህ የእኛ ሰፈር ዋና ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። የጎጃም ጤፍ ጭኖ የሚመጣው መኪና ሰውም ይዞ ይመጣል። ዘመድ ተጠግቶ የመጣው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጠዋት ከረጢት ያራግፋል፣ ከሰዓት የፈሰሰ እህል ይጠርጋል። ትምህርት ቤት ይግባ ቢባል መሸኛ የለውም፤ የተማረበት ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ወላጁ ወይም አሳዳጊው በደባልነት ስለሚኖር የወረዳው መታወቂያ የለውም። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም የሚመልሰው፤ ለመዝገቡ የሚያስቀምጠው ወረቀት ስለሚያስፈልገው ነው። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ነጋዴ ከልጁ ጋር ወረዳ ድረስ ሄዶ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ቢል የሚከፈት በር አለ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግማሽ ቀን ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ መሀል ከተማው እየፈለሰ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ስንቱን ቤተሰብ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ዳር አውጥቶታል። ዳር ያለው ትምህርት ቤት ይጨናነቃል፤ መሀል ያለው ይሳሳል። የእኛም ሰፈር በዚሁ መንገድ ላይ ነው። እንዲያውም የግብርና ምርት የገበያ ማዕከላት በለሚ ኩራ፣ በኮልፌና በሌሎችም አቅጣጫዎች ተሠርተዋል፤ «እኛም ነገ ሂያጆች ነን፣ ስለ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ምን አገባን» የሚል ድምፅ ከመካከላችሁ ሰምቻለሁ። የዛሬው ልጅ ግን አንደኛ ክፍልን የሚማረው ዛሬ ነው። በአገራችን ከየትኛውም ክፍል ይልቅ ልጆች በብዛት የሚያቋርጡት አንደኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያች ክፍል የወጣ ልጅ ገበያው እስኪረጋጋ አይጠብቅም።

ሁለተኛው ሪፖርት ገንዘብ ነው። በዚህ ላይ አጠር እላለሁ፤ ምክንያቱም እናንተ ከእኔ በላይ ሂሳብ ታውቃላችሁ።

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ ቀረ። ለትምህርት የሚመደበው መደበኛ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለተሰበረ በር ይብቃቃል። በ2001 ዓ.ም. የትምህርት ጥራት ፕሮግራሙ ሲጀመር ስኩል ግራንት የሚባለው ድጎማ መጣ፤ ስሌቱ በተማሪ ቁጥር ነው። ብዙ ተማሪ ብዙ ብር፣ ጥቂት ተማሪ ጥቂት ብር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው። ጣጣው ግን የምዝገባውንና የገንዘቡን ሪፖርቶች በአንድ ገመድ ማሰሩ ነው። ልጅ ሲያቋርጥ ድጎማው ይቀንሳል፤ ድጎማው ሲቀንስ የሽንት ቤቱ በር አይጠገንም፤ በሩ ካልተጠገነ ሴት ልጅ ትቀራለች፤ ስትቀር ቁጥሩ እንደገና ይጎድላል። ያቋረጠ ልጅ ስም ከመዝገብ ቶሎ እንዲሰረዝ የሚገፋፋ ነገርም የለም። ርዕሰ መምህራንን ለመክሰስ አይደለም የምናገረው፤ እንዲህ ያለ ስሌት ማንኛውንም ሰው ይፈትናል።

በዚህ ላይ የብር አቅም መውረድ ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወረቀትና የማተሚያ ቀለም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በብር ተቆርጦ የተሰጠ ድጎማ ባለበት ቢቆም እንኳ ምን ያህል ወረቀት እንደሚገዛ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው፤ እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ነገሩ በቀጥታ የእናንተን በረንዳ ይመለከታልና።

በአዲስ አበባ ልጆች በረሃብ ክፍል ውስጥ ይወድቁ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እንደ የእናት ወግ ያሉ በጎ አድራጊዎች በጥቂት ትምህርት ቤቶች መመገብ ጀመሩ። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር ነገሩን በራሱ በጀት ያዘው፤ ከምገባው ጋር ዩኒፎርምና ደብተርም ጨመረ። በኋላም የተማሪዎች ምገባ ኤጀንሲ ተቋቋመ። ዛሬ ከቅድመ አንደኛ ጀምሮ ከ800 ሺህ በላይ ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። ወጥ ቤቱን የያዙት በማኅበር የተደራጁ እናቶች ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ነው። ስለዚህ ሥራ ብዙ ጉድለት ማንሣት ይቻላል፤ እኔ ግን በዚህች ከተማ በዕድሜዬ ካየኋቸው ምርጥ የመንግሥት ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅን ትምህርት ቤት የሚያቆየው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የምሳ ሰዓት መድረስ በቂ ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ልጅ በቀን 100 ግራም ጤፍ ወይም ስንዴ ብቻ ይበላል እንበል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። 1,000 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በቀን አንድ ኩንታል ማለት ነው። ለ800 ሺህ ልጅ በቀን 800 ኩንታል ነው። ኩንታሉ ላይ 1,000 ብር ብትጨምሩ ከተማዋ በቀን 800 ሺህ ብር ተጨማሪ ትከፍላለች። የትምህርቱ ዘመን 200 ቀን ቢሆን 160 ሚሊዮን ብር! በእህል በረንዳ ጠዋት የሚጠራ ዋጋ እስከ ልጆቹ ሳህን ድረስ እንዲህ ይሄዳል። ዋጋ የሚወጣው በእናንተ ፈቃድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነዳጅ አለ፣ ኬላ አለ፣ የመንገዱ ሰላም አለ። እህል ደብቆ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅም አለ፤ እሱን ከእኔ በተሻለ በስሙ ታውቁታላችሁ።

ብራዚል የምገባውን ግዢ በሕግ አስራዋለች። በእነሱ አቆጣጠር በ2009 በወጣ ሕግ ከፌዴራል መንግሥቱ ለተማሪዎች ምገባ ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው የአነስተኛ ገበሬዎችን ምርት ለመግዛት እንዲውል ተደነገገ። ገበሬው ገበያ አገኘ፣ ልጁ ትኩስ ምግብ አገኘ። የእኛም ከተማ ከገበሬ ማኅበራት ጋር በዓመት ውል ብትገዛ ለደላላው ጥሩ ዜና አይደለም። እናንተ ቀድማችሁ በታማኝ ሚዛንና በታወቀ ዋጋ ውል ካልገባችሁ ግን ነገ የሚመጣው ይኸው ነው።

ከዋጋው በላይ የሚያስጨንቀኝ ጥራቱ ነው። ሐምሌ 2005 ዓ.ም. በሕንድ ቢሃር ግዛት በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ሕፃናት ሞቱ፤ ምክንያቱ በፀረ ተባይ የተበከለ ዘይት ነበር። ማንም ሊገድላቸው አስቦ አልነበረም። እኛ ዘንድ ደግሞ ለነቀዝ የሚደረገው ክኒን በየመጋዘኑ አለ። ክኒኑ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቀኑ ሳይሞላና ሳይናፈስ የወጣ እህል ከማን ወጥ ቤት እንደሚገባ ማን ያውቃል? በዝናብ የረጠበ በቆሎና ኦቾሎኒ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ይህ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፣ ውሎ አድሮም ጉበት ይጎዳል። ከላይ ደረቁን ከሥር እርጥቡን መደባለቅ በዚህ ገበያ አዲስ ነገር አይደለም። ሌላው ቢቀር፣ ለትምህርት ቤት የሚሄደው ጆንያ ላይ ይህ አይደረግ! ወጥ ቤት ያሉት እናቶች የሚያጣሩት በዓይናቸው ነው፤ ዓይን ደግሞ ጋዝንም አፍላቶክሲንንም አያይም።

በምገባ ያላበቃ የጤና ሥራም አለ። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የአንጀት ጥገኛ ትላትል መድኃኒት፣ በ2011 ዓ.ም. የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት፣ ሁለቱም ልጆችን በዋናነት የሚያገኙት በትምህርት ቤት ነው። ክትባቱ መጀመሪያ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን የሚመለከት ነበር፤ በኋላ በአንድ ጊዜ መርፌ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን እንዲያካትት ተደረገ። በቤታችሁ የምትሠራው፣ ትምህርት ቤት ያላስገባችኋት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን መርፌ ማን ይወጋታል? የጤና ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ቢሄዱ እንኳ በሩን የምትከፍቱላቸው እናንተ ናችሁ።

ስለ ውሃና ሽንት ቤት ብዙ አልልም። ከተማችን ውሃ በወረፋ የምታገኝ ናት፤ ታንከር የሌለው ትምህርት ቤት ውሃ በሌለበት ቀን 1,000 ልጅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ስለ ወር አበባ በአደባባይ መናገር ነውር የነበረበት ዘመን እያለፈ ነው፤ መቀሌ ላይ እየታጠበ በድጋሚ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ በሲኤንኤን የእ.ኤ.አ. 2019 የዓመቱ ጀግና የተባለችው በዚሁ ሥራ ነው። ወንድ ወላጆች እዚህ ላይ አንገታችሁን አትድፉ፤ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ከክፍል የምትቀረው የእናንተም ልጅ ናት።

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር።

የዘንድሮ ምዝገባ በሚከፈትበት ሳምንት እያንዳንዱ ባለ መጋዘን በሥሩ የሚሠራውን ተሸካሚ፣ አበጣሪ፣ ጥበቃ ሁሉ «ልጅህ የት ይማራል? ልጅሽስ?» ብሎ ይጠይቅ። ያልተመዘገበ ካለ ለዚያ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ከነደመወዙ ይስጠው፤ ወረቀት ከጎደለው አብሮት ወረዳ ይሂድ። በመጋዘኑ በትምህርት ሰዓት ጆንያ የሚጎትት ልጅ ካለ ማንም ሳያየው ዛሬውኑ ያቁም።

ከመካከላችሁ ሂሳብ የምትችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ውስጥ ግቡ። ልጃችሁ እዚያ ባይማር እንኳ በአካባቢው ነዋሪነት መጠየቅ ትችላላችሁ። የመስከረሙን ቁጥር ከሚያዝያው ጋር አስተያዩ፤ ድጎማው በምን ላይ እንደዋለ ደረሰኝ አስወጡ፤ ርዕሰ መምህሩ የጎደለው ነገር ካለ ወረዳ ድረስ አብራችሁት ሂዱ። ሐቀኛው ርዕሰ መምህር ለዚህ ያመሰግናችኋል። ሌላው ደግሞ ይጠነቀቃል።

ለምገባው እህል የምታቀርቡ ነጋዴዎች፣ ጆንያው ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ናሙና የሚያይ፣ እርጥበቱን የሚለካ፣ ክኒን የተደረገበትን ቀን በጽሑፍ የሚይዝ ሰው ከመካከላችሁ መድቡ። የእርጥበት መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ለአንድ ሠርግ የሚዋጣ ገንዘብ ይገዛዋል።

ለትውልድ ቀያችሁ የምታዋጡትን አትቀንሱ። ከዚያ ጎን ግን በዚህ ዓመት ከእያንዳንዱ መጋዘን አንድ ሰው ከጀርባው ወዳለው ትምህርት ቤት በእግሩ ይሂድ፣ ርዕሰ መምህሩን በስሙ ይወቅ፣ ወጥ ቤቱን ይይ። ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በሩ ላይ መዝገብ ተቀምጧል፤ የምትሄዱበትን ትምህርት ቤትና ስማችሁን ጻፉበት።